ብቻዬን ተራራ ልወጣ ስሄድ

ልቦለድ አንብቦ መንገድ ሊወጣ የተነሳ ሰው ካያችሁ እባካችሁ ያዙት። እኔን የያዘኝ አልነበረም። በርግጥ ባለቤቴ ሞክራለች፤ ግን የእሷን ምክር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰምቼ ስለማላውቅ፣ ድንገት ብሰማት «ይኼ ሰው ታሟል» ብላ ሐኪም ቤት ትወስደኛለች ብዬ ፈራሁ።

መጽሐፉን የላከችልኝ አዲስ አበባ የምትሠራው ልጄ ናት። በስልክ ስናወራ «አባዬ፣ ድምፅህ ደህና አይደለም» አለችኝ። ጉንፋን ነው አልኳት። «አሥር ወር ሙሉ ጉንፋን?» አለችና በሳምንቱ ወደ ሆሳዕና በሚመጣ ሚኒባስ፣ በሹፌሩ እጅ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ላከችልኝ። ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ ልቦለድ ነው። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ሐዘኑ ውስጧ ተቀብሮ አልወጣ ይላታል። ሻንጣዋን በጀርባዋ ታዝልና ብቻዋን ተራራ ትወጣለች። ቀን ትሄዳለች፣ ሲመሽ ድንኳን ተክላ ታድራለች፣ በማግሥቱ ደግሞ ትሄዳለች። ሦስት መቶኛው ገጽ ላይ ጫፍ ትደርስና ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ከዚያ ይቀላታል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ለታሪኩ፣ ቀጥሎ በቀይ እስክሪብቶ፤ የአማርኛ መምህር ነኝና የታተመ ነገር ሳላርም መተው አይሆንልኝም። ሴትየዋ ያለቀሰችበት ገጽ ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። አንድም ስህተት አላገኘሁበትም። ልንገራችሁ፣ ቀናሁባት።

የቀናሁበትን ምክንያት ሳልናገር ብቀጥል አይገባችሁም። ሀንዲሶ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። የከምባታ ሰው ነው፤ የትውልድ መንደሩ ዱራሜ አጠገብ፣ ከሀምበሪቾ ተራራ ሥር ነው። እሱ ሒሳብ እኔ አማርኛ እያስተማርን፣ ሆሳዕና ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጠናል። እኔ ስጾም እሱ ምሳውን ውጭ ወጥቶ ይበላል። እሱ ቸርች የመዘምራን ልምምድ ሲኖርበት እኔ የፈተና ወረቀቱን አርምለታለሁ። ሒሳብ አላውቅም፤ መልሱን ጽፎ ይሰጠኛል። እኔ ለፊደል ግድፈት ነጥብ እቀንሳለሁ፣ እሱ ሲመለስ የቀነስኩትን ሁሉ ይጨምርላቸዋል። እንዲህ እየተራረምን ኖርን።

ከዚህ ሰው ጋር የተጣላሁት በንግግር ነው። ርዕሰ መምህራችን ጡረታ ሲወጡ የስንብት ንግግር እንዳደርግ ተመረጥኩ። አሥራ አራት ገጽ ጻፍኩ። መድረኩን የሚመራው ሀንዲሶ ነበር። ስድስተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ልወስድ ቆም ስል ይህ ሰው ብድግ ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። አዳራሹም ይህንኑ ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ተከተለው። ጭብጨባው ከመጋሉ የተነሳ ሳላስበው እጅ ነስቼ ተቀመጥኩ። ስምንት ገጽ እጄ ላይ መቅረቱን ያየሁት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

ለስምንት ገጽ አራት ዓመት አኮረፍኩት። ለአንድ ገጽ ስድስት ወር መሆኑ ነው።

እሱ ግን አላኮረፈም። ወንበሩን አልቀየረም፤ ጠዋት ጠዋት «ደህና አደርክ መምህር» ማለቱንም አልተወም። ወደ አገሩ ተዛውሮ ከሄደ በኋላ እንኳ መስቀል በደረሰ ቁጥር ቆጮና ቅቤ ይልክልኝ ነበር። ቅቤውን እበላለሁ፤ ስልኩን አላነሳም። ለቅቤ የሚከፈት፣ ለሰላምታ የሚዘጋ አፍ ያለው ሰው አይታችሁ ካላወቃችሁ እነሆኝ።

ከዚያ ታመመ አሉ። ቅዳሜ ሄጄ እጠይቀዋለሁ አልኩ። ቅዳሜ ዘነበ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ይሁን ብዬ ስጠብቅ ረቡዕ ዕለት ሞተ።

ባለቤቴ ለቀብሩ ሄደች። እኔ አልሄድኩም፤ ታሟል አለችልኝ። በእኛ አገር ሠርግ የቀረ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል፣ ለቅሶ የቀረ ሰው ግን መንገድ ይቀይራል። አራት ዓመት ሰላምታ የነፈግሁትን ሰው ሬሳ ላይ ምን ብዬ ላልቅስ? በሦስተኛው ቀን እደርሳለሁ ብዬ አፈርኩ። ወር ሲሞላው እሄዳለሁ አልኩ፤ የወር ሀፍረት ከሦስት ቀን ሀፍረት እንደሚከብድ የገባኝ ያኔ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አሥር ወር ሞላኝ። ከዱራሜ የመጣ ሰው ሳይ ወደ ማዶ እሻገራለሁ። ሆሳዕና ገበያ ውስጥ ዘመዱ ጤፍ ስለሚነግድ፣ ጤፍ ግዛ ስባል ጎመን ተራ ገብቼ ቆሜ እመለሳለሁ። እንባ የሚባል ነገር ደግሞ ጠብ አላለልኝም። ነገሩ ሁሉ እንዳልበሰለ ቂጣ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ቀረ።

ስለዚህ መጽሐፉ በጊዜው ነው የመጣው። ተራራ ልወጣ፣ ማንም በማያየኝና ማንም «ያኔ የት ነበርክ?» በማይለኝ ቦታ ሀንዲሶን ለብቻዬ አልቅሼው ልመለስ ወሰንኩ።

«የትኛው ተራራ?» አለች ባለቤቴ።

«ሀምበሪቾ።»

«የሀንዲሶ አገር አይደል እንዴ?»

«ተራራ የማንም አገር አይደለም። ደረጃ ስላለው ነው የመረጥኩት፤ ጉልበቴን ታውቂያለሽ።»

እውነትም ደረጃ አለው። ሰባት መቶ ሰባ ሰባት ነው ይላሉ። ባለቤቴ «ከተራራው ሥር ቤት አለ» አለችኝ። «ቤቱ ደረጃ የለውም። ጉልበትህንም አያምህም።»

ያልሰማሁ መስዬ ካልሲ ፈለግሁ። እሷም ተስፋ ስትቆርጥ እንደልማዷ ወደ ሥራ ገባች። ይበርድሃል ብላ ጋቢ አወጣችልኝ። ወፍራም ኮት ያለኝ ጥቁሩ ብቻ ነው፤ እሱን ለበስኩ። ዣንጥላ ያዝኩ፤ መጽሐፉን በብብቴ አደረግሁ። መስታወት ፊት ስቆም ያችን መንገደኛ ሴት የመሰልኩ መሰለኝ። ሌላ ሰው ቢያየኝ ምን እንደምመስል ግን አልታሰበኝም።

ወሩ ጥር ነው፤ ትምህርት ለመንፈቅ ዓመት እረፍት ተዘግቷል። ሆን ብዬ ገበያ የሌለበትን ቀን መረጥኩ። ዱራሜ ሳልደርስ አንድ መታጠፊያ ላይ «ወራጅ አለ» ብዬ ከሚኒባስ ወረድኩ። ግራና ቀኙ እንሰት ነው፤ ከላይ ተራራው ቆሟል። ሚኒባሱ ድምፁ ከራቀ በኋላ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። «ጀመርን» አልኩ ለራሴ። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሄድኩ።

እዚህ ላይ በመጽሐፉ ላይ ያለኝን ትልቁን ቅሬታ ላስገባ። ሴትየዋ ያን ሁሉ ገጽ ስትሄድ አንድም ሰው «ወዴት ነው?» አላላትም። ይህ አገር የት እንደሚገኝ አላውቅም። ከምባታ ውስጥ እንዳልሆነ ግን በሁለት መቶ አንደኛው እርምጃ ላይ አረጋገጥኩ። በጨርቅ የተጠቀለለ ሬዲዮ ያቀፉ አንድ ሽማግሌ ከፊት ለፊቴ መጡ።

«ደህና ነህ መምህር?»

«ያውቁኛል እንዴ አባቴ?»

«አላውቅህም። መጽሐፍና ዣንጥላ ይዞ በዚህ ፀሐይ የሚሄድ ሌላ ማን አለ?»

አቶ አኑሎ እባላለሁ አሉኝ። ሬዲዮው ድምፁ ጠፍቶ ሊያስጠግኑ ወደ ዱራሜ መሄዳቸው ነበር። ጤናዬን ጠየቁ፣ የቤተሰቤን ጤና ጠየቁ፣ የሌሉኝን ላሞች ጤና ጠየቁ፣ ሆሳዕና ዘንቦ እንደሆነ ጠየቁ። በመጨረሻ «ወዴት ነህ ብቻህን?» አሉ።

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። ግን መጽሐፉ ለራስ እውነተኛ መሆንን አጥብቆ ይመክራል። «ሐዘን አለብኝ አባቴ» አልኳቸው። «ትንሽ ብቻዬን መሆን እፈልጋለሁ።»

ጥፋቴ ይህች ናት። አቶ አኑሎ ጥቁር ኮቴን አዩ፣ ጋቢዬን አዩ፣ ፊቴን አዩ። «ሐዘን አለብህ፤ ደግሞ ብቻህን ነህ» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኼ ደግ አይደለም።» ሬዲዮውን ወደ ሌላው ብብት አዛወሩ፣ ፊታቸውን ወደመጡበት አዞሩና ከጎኔ መሄድ ጀመሩ።

ለቅሶ ቤት ብቻን አይገባም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። ሰው መንገድ ዳር ተጠባብቆ፣ ተሰብስቦ ነው የሚገባው። ብቻውን የገባ ሰው ወገን የለውም ማለት ነው፤ ብቻውን ሲገባ እያየ ዝም ያለ መንደር ደግሞ ስሙ ከዚያ የባሰ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ በጥቁር ኮት፣ በጋቢ፣ ከሐዘን ጋር፣ በእግሬ መንደር መሀል የገባሁት።

አቶ አኑሎ አጥር ላይ አንገታቸውን አስግገው በከምባትኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ቋንቋውን አልችልም፤ ስለ እኔ እንደሆነ ግን ለመረዳት ቋንቋ አያስፈልግም። ወይዘሮ ደስታ የሚባሉ ሴት የሚለቅሙትን ጎመን ትተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ትንሽ አለፍ ብሎ ጎርፍ የበላውን መንገድ የሚጠግኑ የእድር ሰዎች ነበሩ። አካፋቸውን አጋደሙ፣ እጃቸውን ተጣጠቡ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁና ተከተሉን።

ላመልጣቸው አልሞከርኩም እንዳትሉ። መጀመሪያ ደክሞኛል ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሲሰለቻቸው ይሄዳሉ ብዬ ነው። ሁሉም ተቀመጡ። «አይዞህ፣ ሐዘን እግር ይይዛል» አሉኝ። ቀጥሎ ሽንቴ መጣ ብዬ እንሰት ውስጥ ገባሁ። በዚያ በኩል ልሾልክ ሳስብ፣ ስወጣ የምገኝበትን ቦታ አስልተው፣ ለክብሬ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ እዚያው ቆመው አገኘኋቸው። በመጨረሻ መጽሐፌን ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ። የሚያነብ ሰው ብቻውን መተው የሚፈልግ ሰው ነው፤ ይህን ያላወቀ የለም ብዬ ነበር። ወፍራም ነው፣ ልባዱም ጥቁር ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ መሰላቸው። ወዲያው ጸጥ አሉ። አንዱ የእድር ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ስለ እኔ ረጅም ጸሎት ጸለየ፤ ወይዘሮ ደስታ ቀስ ብለው መዝሙር ጀመሩ፤ ሌሎቹ ተቀበሏቸው። እኔም በልቦለዱ አንድ መቶ አርባኛው ገጽ ላይ ጣቴን እንዳኖርኩ «አሜን» አልኩ። ሌላ ምን ማለት ይቻላል?

ይህ ሁሉ ሲሆን የሞተው ማን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። ሐዘንተኛን ፊት ለፊት «ማን ሞተብህ?» ማለት ቁስሉን መንካት ነው፤ ስለዚህ የመጣ ሁሉ የሚጠይቀው ከኋላ ያለውን ነው። ከኋላ ያለውም ከፊት ያሉት ያውቃሉ ብሎ ነው የሚሄደው። ዘወር ብዬ ስቆጥር ሃያ ሁለት ሰው ተከትሎኛል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኔን የወሰደኝ ግን እያስተዛዘነ ነው።

እንዲህ እንዳለን መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ደረስን። አቶ አኑሎ ቆሙ።

«በቀኝ ወደ ደረጃው ነው። በግራ ወደ መንደር ነው» አሉ። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «መምህር፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ የማን ቤት ነው የምንሄደው?»

ሃያ ሁለቱም አዩኝ። እውነቱን ልናገርና ላርፍ አልኩ፤ ማንም አልሞተም፣ ልቦለድ አንብቤ ነው፣ ወደየሥራችሁ ተመለሱ ልላቸው። ግን «ማንም አልሞተም» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። ሞቷላ።

«የመምህር ሀንዲሶ ቤት» አልኩ።

 ከዚያ ወይዘሮ ደስታ ጠጋ አሉኝ። «ሀንዲሶ? የኛ ሀንዲሶ? እሱ እኮ ከሞተ ቆየ። ዳሱ ውስጥ ሦስት ቀን ውሃ ያቀረብኩ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ያኔ አልመጡም?»

«አልመጣሁም።»

«ከሆሳዕና የመጡት ባለቤትዎ አሞት ነው ብለው ለሰው ሲናገሩ የሰማሁ መሰለኝ» አሉ።

ባለቤቴ ያዘጋጀችልኝ ውሸት እስከዚያ ድረስ ቀድሞኝ ደርሷል። አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ግን ከመሸሽ ብዛት ደክሞኝ ነበር መሰለኝ፣ «አላመመኝም» አልኩ። «ተኳርፈን ነበር። ያኮረፍኩት እኔ ነኝ፤ እሱ አላኮረፈም። ሲሞት አፍሬ ቀረሁ።»

በከምባትኛ መነጋገር ጀመሩ። ረጅም ንግግር ነበር። ወደ አካፋቸውና ወደ ጎመናቸው ቢመለሱ አልፈርድባቸውም። እንዲያውም እንዲመለሱ ተመኘሁ፤ እኔም በቀኝ በኩል ቀስ ብዬ ወደ ደረጃው እሄዳለሁ። በመጨረሻ አቶ አኑሎ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለዘገየ ለቅሶ ሥርዓቱ ምንድነው ብለን ነው የተነጋገርነው» አሉ። «ሥርዓት የለውም። አጋጥሞንም አያውቅ። ስለዚህ እንደማንኛውም ለቅሶ ነው የምንገባው። አንተ ፊት ሁን፤ እኛ ከኋላህ ነን።»

በግራ በኩል ሄድን። ከፊት መሆን እንዴት እንደሚከብድ አልነግራችሁም። ሰባት መቶ ሰባ ሰባቱን ደረጃ በአንድ እግሬ ዘልዬ ብወጣ እመርጥ ነበር። ያች የልቦለዱ ሴት ጀግና መሆኗን አልክድም፤ በነብርና በገደል መካከል ብቻዋን ሄዳለች። የምታውቃትን የአንዲት ሴት ደጅ እንድትረግጥ ግን ማንም አልጠየቃትም።

የሀንዲሶ ባለቤት አበበች ከቤቱ ጀርባ፣ እንሰቱ መሀል ተቀምጣ እንሰት ትፍቃለች። የእግር ኮቴ ሰምታ ቀና አለች። ለካ እኛ አንድ ነገር አላሰብንም ነበር። ሃያ ሁለት ሰው፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አፉን ዘግቶ፣ ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው ከፊት አስቀድሞ፣ ሳይጠራ ወደ አንድ ቤት ከመጣ ይዞ የሚመጣው መርዶ ብቻ ነው። መፋቂያው ከእጇ ወደቀ። ልትቆም ሞከረችና እንሰቱን ይዛ ቀረች።

«ማነው?» አለች። «የትኛው ልጄ ነው?»

በሕይወቴ ብዙ ሞኝነት ሠርቻለሁ። እንደዚያች ደቂቃ ግን የራሴ ሞኝነት ያስጠላኝ ጊዜ የለም። ለራሴ እንዲቀለኝ ብዬ መጥቼ የአንዲትን እናት ልብ አቆምኩ። «ልጆችሽ ደህና ናቸው አበበች» አልኩ። «ሁሉም ደህና ናቸው፤ ማንም ምንም አልሆነ።»

«ታዲያ ማነው የሞተው?»

አቶ አኑሎ አልመለሱላትም። ወይዘሮ ደስታም አልመለሱላትም። የእኔ ለቅሶ ነው፤ መናገር ያለብኝ እኔ ነኝ።

«ሀንዲሶ» አልኳት። «ሀንዲሶ ሞተብኝ።»

ባሏ ከሞተ በአሥር ወሩ መርዶውን ያረዳኋት እኔ ነኝ። አየችኝ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ውጣልኝ ብትል ለመውጣት ዝግጁ ነበርኩ፤ እንዲያውም እግሬ ትንሽ ወደኋላ ብሏል። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ የተፋቀውን እንሰት ዞራ መጣችና ፊት ለፊቴ ቆመች።

«አዎ» አለች። «ሞተ።»

ከዚያ እኔ ልላት የመጣሁትን፣ አሥር ወር ሙሉ አፌ ውስጥ ይዤ የዞርኩትን ቃል ቀድማኝ አለችው።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት መምህር።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ለእኔ ያለ ሰው አልነበረም። ማንስ ይበለኝ? ለቅሶ ያልደረሰን ሰው ማን ያጽናናዋል?  እዚያው እንሰቱ መሀል መሬት ላይ ተቀመጥኩና፣ ጮክ ብዬ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ።